ፋይል መላክ ማስተማር አይደለም
(ደሴ ላይ ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተገለበጠ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከኮምቦልቻም ከወልድያም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ? ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ አብሽሩ፣ ኑ ተቀመጡ።

በጥያቄ ልጀምር። እስቲ ስልካችሁን አውጡና ቴሌግራማችሁን ክፈቱ። አንድም የኮርስ ግሩፕ የሌለው ሰው አለ? እጁን ያወጣ አላይም። ሁለተኛ ጥያቄ፦ ከነዚህ ሁሉ ግሩፖች ውስጥ፣ አንድ ተማሪ ላልገባው ጓደኛው አንድን ነገር ከሥሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያስረዳበት ውይይት የሚያሳየኝ ስንት ሰው ነው? አሁን ጸጥ አላችሁ።

ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ጸጥታ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ሁላችንም ወደ ቴሌግራም ሮጥን። ሀንድአውቱ፣ ሞጁሉ፣ ወርክሺቱ ሁሉ እዚያ ገባ። ድሮ ከፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈን የምንወስደው ወረቀት አሁን ኪሳችን ድረስ ይመጣል። ጥሩ ነው፤ ገንዘብም ጊዜም ይቆጥባል። ግን መንገዱ ተለወጠ እንጂ ተማሪው ያው ተቀባይ ነው። ፋይል መላክ ማስተማር አይደለም። ደግሜ ልበለው፦ ፋይል መላክ ማስተማር አይደለም! እነዚህ ማኅበራዊ መገናኛዎች ዩኒቨርሲቲን ይለውጣሉ የምንለው ተማሪው በሰው ፊት መጠየቅ፣ ለጓደኛው መመለስ፣ ራሱም መጻፍ ሲጀምር ነው።

ይህ ደግሞ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ ጎረቤታችን ነው። የእስልምና ትምህርት ማዕከል የሆነችውን ዳናን የማያውቅ የወሎ ሙስሊም የለም። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ በሐሪማው፣ ማለትም በሸሁ የትምህርት ቦታ፣ የቆየው ደረሳ አዲሱን ያቀራል። መምህሩ ወይም ሸሁ ሁሉንም አንድ በአንድ ማዳረስ እንደማይችሉ ስለሚታወቅ ተማሪ ተማሪን ያስተምራል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ይህን ትተን፣ አንድ መምህር ሲናገር ሌላው ሲጽፍ የሚውልበትን አዳራሽ ሠራን። አሁን ግን በአንድ ክፍል 150 እና 200 ተማሪ ቢኖርም ያንን ልማድ የሚመልስ መሣሪያ በእጃችን አለ። እንዴት እንጠቀምበት? አራት ነገር አነሳለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ።

አንደኛ፣ ቤቱን ማደራጀት።

እስቲ አንድ የተለመደ ግሩፕ እንመልከት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ «ጥያቄ 4 ላይ ለምን በ2 እንደተካፈለ አልገባኝም» ብላ ትጽፋለች። ወዲያው የክፍሉ ተወካይ፣ ሪፑ፣ «ነገ ክላስ የለም» ብሎ ይለጥፋል። ከሥሩ ሠላሳ «እሺ»፣ አሥር «እናመሰግናለን»፣ አምስት ስቲከር፣ አንድ «ሚድ መቼ ነው?» ይከተላል። የልጅቱ ጥያቄ ከስክሪን ወጣ፤ አበቃ። ልጅቱም ሁለተኛ አትጠይቅም። ጥያቄዋ የተቀበረው ማስታወቂያ፣ ጥያቄና ወሬ በአንድ በር ስለሚገቡ ነው። ሰነፍ ተማሪ ስላለን አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለማስታወቂያና ለፋይል ቻናል ክፈቱ፤ ቻናል ላይ የሚለጥፈው አድሚን ብቻ ነው። ከቻናሉ ሴቲንግ ገብታችሁ የውይይት ግሩፕ አያይዙበት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጥፍ የራሱ አስተያየት መስጫ ይኖረዋል፤ የሳምንት 4 ጥያቄ ከሳምንት 4 ትምህርት ሥር ይሰበሰባል። አንድ ግሩፕ ብቻ ይበቃናል የምትሉ ደግሞ በግሩፑ ሴቲንግ «ቶፒክስ» የሚለውን አብሩትና ማስታወቂያ፣ የሳምንቱ ጥያቄ፣ ላብራቶሪ፣ ጨዋታ ብላችሁ ክፍሎች ክፈቱ። ጨዋታውን አትከልክሉ፤ ቦታ ስጡት። የ«እሺ» ጎርፍ ካስቸገረ «ስሎው ሞድ» አለ፤ አንድ ሰው በሁለት መልእክት መካከል ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋል። ለውይይት ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው፤ 1 ሰዓት ካደረጋችሁት ውይይቱን ገደላችሁት።

ሁለት ቦታ ላይ ብዙ ግሩፕ ሲሰናከል ይታያል። የመጀመሪያው፣ ኮርሱን በአድ ዘግይቶ የተመዘገበ ተማሪ የቀደመውን ውይይት አያይም። ለአዲስ አባል የቀድሞው ታሪክ የሚታይ ይሁን አይሁን የሚወስን ምርጫ በግሩፑ ሴቲንግ አለ፤ በግል ግሩፕ ላይ ካልነካችሁት ተደብቆ ይቀራል። «ፋይሉ ተልኳል እኮ!» እያልን የምንቆጣው ምንም ያላየውን ልጅ ነው። ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ግሩፑን የከፈተው ሪፕ ሲሙን ሲጥል፣ ዊዝድሮው ሲሞላ ወይም ሲመረቅ ግሩፑ ያለ ባለቤት ይቀራል። ባለቤቱ መምህሩ ይሁን፤ ሪፑና ሁለት ተማሪዎች አድሚን ይሁኑ፤ ሌላ አድሚን የመሾም ሥልጣን ግን አትስጧቸው። ባለቤትነት ማስተላለፍ ከፈለጋችሁ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫችሁ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የተከፈተ መሆን አለበት፤ በመጨረሻው ቀን «አሁን አስተላልፋለሁ» ብላችሁ ብትነሱ አይሆንላችሁም።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ። የትምህርቱ ልብ ይኼ ነውና እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አንድ ዘዴ አስለመዱ። አጭር ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ተማሪው ማንንም ሳያማክር ይመርጣል፤ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጓደኛው ጋር ይከራከራል፤ ከክርክሩ በኋላ እንደገና ይመርጣል። መጀመሪያ ላይ በትክክል የመለሰው ከመቶ 30 የማይሞላ ከሆነ ትምህርቱ ጭራሽ አልገባምና መምህሩ እንደገና ያስረዳል። ከ70 በላይ ከሆነ ገብቷል፤ ይታለፋል። መካከል ላይ ከወደቀ ተማሪዎቹ ይከራከሩ። ለምን? የገባው ተማሪ ያልገባው ጋ የሚያደርሰውን መንገድ ከመምህሩ ይልቅ ቅርብ ጊዜ ስለሄደበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ይህ ሁሉ የተሠራው ያለ ኢንተርኔት፣ በእጅ በሚያዝ ካርድ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ የቴሌግራም ፖል፣ የድምፅ መስጫው፣ አለ።

አሁን አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። ኬሚስትሪ የተማራችሁ አግዙኝ። 2 ሞላር የሆነ የጨው ስቶክ፣ ማለትም እየቀጠነ የሚሠራበት ወፍራም ውህድ፣ አለን፤ ሞላር የውህዱ የጥንካሬ መለኪያ ነው። 0.5 ሞላር የሆነ 100 ሚሊ ሊትር እንፈልጋለን። እንዴት እናዘጋጅ?

ሀ፦ 25 ሚሊ ሊትር ስቶክ ወስዶ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ መጨመር።
ለ፦ 25 ሚሊ ሊትር ስቶክ ወስዶ ጠቅላላው 100 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ውሃ መሙላት።
ሐ፦ 50 ሚሊ ሊትር ስቶክና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ መቀላቀል።
መ፦ 400 ሚሊ ሊትር ስቶክ መውሰድ።

መልሱ ለ ነው። ግን መልሱን ለጊዜው ተዉትና የተሳሳቱትን ምርጫዎች ተመልከቷቸው። መ-ን የመረጠው ተማሪ ቀመሩን ያውቃል፤ ሲያካፍል ግን ገለበጠው። ከሚፈለገው በላይ ስቶክ ይዞ መምጣቱም አላስጠነቀቀውም፤ ስለዚህ ከሒሳቡ በፊት ግምት ማስለመድ አለብን። ሐ-ን የመረጠው «ማቅጠን ማለት ግማሽ ግማሽ ነው» ብሎ ይዞታል፤ የሚያገኘው 1 ሞላር ነው። ሀ-ን የመረጠው ደግሞ ሒሳቡን በትክክል ሠርቷል! 25 አግኝቷል። የሳተው ጠቅላላ መጠኑን ነው፤ ፈሳሹ 125 ሚሊ ሊትር ይሆንበትና ውህዱ 0.4 ሞላር ይወጣል። ይህ ልጅ ወረቀት ፈተና ላይ 25 ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ላብራቶሪ ሲገባ ግን ውጤቱ ሁልጊዜ ይዛነፍበታል። አያችሁ? ጥሩ ጥያቄ የምንለው እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ስም ያለው ነው። የተሳሳተውን ምርጫ ከራሳችሁ አትፍጠሩ፤ ካለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ውሰዱት። ተማሪው በእጁ ጽፎ ሰጥቷችኋል።

አሁን ወደ ስልኩ። ቴሌግራም «ኩዊዝ» የሚባል ፖል ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ነው፤ አብዛኛው መምህር በቀጥታ እሱን ይጠቀማል። ለመጀመሪያው ዙር ግን ኩዊዙን አትጠቀሙ። ምክንያቱም ኩዊዝ ተማሪው እንደነካው ትክክለኛውን መልስ በአረንጓዴ ያሳየዋል፤ መልሱ ከታወቀ ማን ይከራከራል? ለመጀመሪያው ዙር ተራውን ፖል ላኩ፤ ስም የማይታይበት ይሁን። ዓይን አፋሩ ልጅ፣ በተለይ ፍሬሽማኑ፣ ስሙ እስካልታየ ድረስ ያሰበውን ይነካል። ተራው ፖል ግን አንድ ቀዳዳ አለው፦ ሰው ከመረጠ በኋላ የሌሎቹን ብዛት ያይና ምርጫውን ስቦ ከብዙሃኑ ጋር ይሰለፋል። ስለዚህ 3 ደቂቃ ሰጥታችሁ ዝጉት፣ ቁጥሩንም ፎቶ አንሱት። ከዚያ «ሀ-ን የመረጣችሁ ለምን? ለ-ን የመረጣችሁ ለምን?» በሉ። 10 ደቂቃ ይጻጻፉ። በዚያ 10 ደቂቃ እናንተ አትመልሱ! መምህሩ አንዴ ከተናገረ ሁሉም ብዕሩን ያነሳል፤ ውይይቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ለውጣችሁ በኩዊዝ ላኩት። ማብራሪያ መጻፊያው 200 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ጥያቄውም ከ255 ፊደል መብለጥ የለበትም። ረጅም ጥያቄ ከሆነ በወረቀት ጻፉና በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉት፣ ፖሉን ከሥሩ አድርጉ። ቀመር በቴሌግራም ለመተየብ አትታገሉ፤ ይበላሻል።

«ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ማን ይችላል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በየሳምንቱ አራት ተማሪ ተረኛ አድርጉ። ሁለቱ ጥያቄ ያወጣሉ፤ እናንተ ከመለጠፉ በፊት ታርሙታላችሁ። ሁለቱ የሳምንቱን ውይይት ወደ አንድ ገጽ ይጠቀልላሉ፤ «የተጠየቀው፣ የተሳሳትነው፣ የተስማማንበት» ብለው። ያ ገጽ ከላይ ፒን ይደረጋል። የአንድ ሴሚስተር ገጾች ሲጠረዙ ተማሪው በራሱ ቋንቋ የጻፈው መማሪያ ነው፤ ከመመረቁ በፊት ለሚወስደው ኤግዚት ኤግዛም ሲዘጋጅ ከየቻናሉ ከሚለቃቅመው ጥያቄ ይልቅ ይሄ ይጠቅመዋል።

ነጥብ አሰጣጥ ላይ ተጠንቀቁ። «ግሩፕ ላይ ለተሳተፈ 5 ከመቶ» ካላችሁ የምታገኙት የ«እሺ» ክምር ነው። በመልእክት ብዛት ነጥብ አትስጡ። ለተረኝነቱ ስጡ፤ ጓደኛውን ላስረዳ አንድ ጥሩ መልስ ስጡ። ለራሳችሁም ሰዓት አብጁ፦ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ግሩፕ ላይ እገኛለሁ፣ ከዚያ ውጭ ጓደኞቻችሁን ጠይቁ በሉ። ሌሊት ሁሉ የሚመልስ መምህር ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንዳይጠያየቁ ያደርጋል፤ እሱም ይታክታል።

ሦስተኛ፣ ተማሪው ይጻፍ።

የግሩፕ አሳይመንት ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። አምስት ስም ይጻፋል፣ ሁለት ሰው ይሠራል። ጉግል ዶክስ ላይ ሲጻፍ ግን የለውጥ ታሪክ የሚባል ነገር አለው፤ የትኛውን አንቀጽ ማን፣ መቼ እንደጻፈው በቀለም ለይቶ ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ የሚሳት ነገር አለ፦ ሁሉም በየራሱ አካውንት ካልገባ፣ ወይም አንዱ ከሌላ ቦታ ገልብጦ ከለጠፈው፣ ታሪኩ የለጣፊውን ስም ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ገና ሲጀመር «እዚሁ ላይ ጻፉ፣ በየስማችሁ ግቡ» ማለት ያስፈልጋል። ተማሪዎች ጽሑፉን ከቻትጂፒቲ አምጥተው ሲለጥፉም አንድ ሺህ ቃል በአንድ ሰከንድ ሲገባ ይታያል። ያን ጊዜ ከመቅጣታችሁ በፊት አስቀምጣችሁ ጠይቁት፤ የለጠፈውን ማስረዳት ካልቻለ ጉዳዩ ግልጽ ነው።

ከዚህም በላይ ዊኪፒዲያ አለ። ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ያለ ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው፤ የአማርኛው 20 ሺህ አይሞላም። ይህ ቁጥር ሊያንገበግበን ይገባል! አምባሰልና ባቲ ለዜማ ቅኝት ስማቸውን የሰጡ የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ ስለ አፈሩ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሽመናው፣ ስለ ሰብሉ በአማርኛ የሚጽፈው የእኛ ተማሪ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው አካውንት ይከፍትና በመለማመጃ ገጹ ላይ ይጽፋል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከታተመ ምንጭ ጋር ይያያዛል። ከመጽሐፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ነገር ይሰረዛል፤ የቅጂ መብት ጉዳይ ነውና አይለመንም። በጓደኛ ከታረመ በኋላ ወደ ዋናው ገጽ ይወጣል። ለአንድ ሰው ከ300 እስከ 400 ቃል በቂ ነው። መምህሩ ብቻ አንብቦ መሳቢያ ውስጥ ከሚጥለው ወረቀት ይልቅ፣ የማያውቀው ሰው የሚያነብበትን ጽሑፍ ተማሪው ተጠንቅቆ ይጽፈዋል።

አራተኛ፣ ኔትወርክና ደኅንነት።

እዚህ አካባቢ ስለ ኢንተርኔት ስናወራ የደረሰብንን ረስተን ማውራት አንችልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘርፏል። በ2015 ማብቂያ ላይም በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ቆይቷል። ስለዚህ «ሁሉም ኦንላይን አለ» የሚል ኮርስ በወሎ ጎደሎ ኮርስ ነው። እያንዳንዱ ነገር በሁለት መንገድ ይቀመጥ፦ በቻናሉና በዲፓርትመንቱ ፍላሽ። ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ ከፍላሹ በላይብረሪ ኮምፒውተር ያነባል። ስልክ ያላቸው በዜንደር ያለ ዳታ ይቀባበላሉ። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አለ፤ ሙሉውን የአማርኛ ዊኪፒዲያ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ላፕቶፕ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ክፍሉ በሙሉ በዋይፋይ ከላፕቶፑ ያነባል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ዳታ ገንዘብ ነው፤ ሒሳቡን እንሥራው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት ይበላል፤ የ50 ደቂቃ ሌክቸር 375 ሜጋባይት ነው። ያንኑ ትምህርት በሰከንድ 32 ኪሎቢት በሆነ ድምፅ ብትቀዱት 50 ደቂቃው 12 ሜጋባይት ነው። ከሠላሳ እጥፍ በላይ ልዩነት! የቦርዱን አምስት ፎቶ ጨምራችሁ ድምፁን ላኩ። ቪዲዮ የላብራቶሪ አሠራር ለማሳየት ብቻ ይሁን፣ ከ3 ደቂቃም አይብለጥ። መጽሐፍ ስካን ስታደርጉ በ300 ዲፒአይ ከለር ፋንታ በ150 ግራጫ አድርጉት፤ የነጥቡ ብዛት ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ጽሑፉም ይነበባል። ተማሪዎች ደግሞ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አውቶ ዳውንሎዱን አጥፉ። ካሽ ስታጸዱ ሀንድአውቱ አብሮ ይጠፋልና የሚፈለገውን ቀድማችሁ ወደ ስልኩ አስቀምጡ።

የመጨረሻው ደኅንነት ነው። እህቶቻችን ከኮርስ ግሩፕ ስልክ ቁጥራቸው እየተወሰደ ሌሊት በማያውቁት ሰው ሲጨቀጨቁ «ትምህርት ነው እኮ» ብለን ማለፍ የለብንም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ። ከ100 በላይ አባል ላለው ግሩፕ አድሚኑ የአባላቱን ዝርዝር መደበቅ ይችላል፤ ይደብቀው። ግሬድ ከነስሙና ከነመታወቂያ ቁጥሩ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይላክ። በቴሌግራም የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ «የዲፓርትመንቱ አድሚን ነኝ» ቢላችሁም። ኤግዚት ኤግዛም ሲቃረብ «ፈተናው ወጥቷል፣ ብር ላኩ» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ፤ ሪፖርት አድርጉና ውጡ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግሩፑን አትሰርዙት። ኮምፒውተር ላይ በሚጫን ቴሌግራም ግሩፑን ከፍታችሁ፣ ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች «ኤክስፖርት» የሚለውን ስትነኩ ውይይቱ ከነፎቶውና ከነፋይሉ በብራውዘር የሚከፈት ሆኖ ይወጣል። ስሞቹንና የግል ነገሮችን አውጥታችሁ፣ የየሳምንቱን ገጽና ጥያቄውን ለዲፓርትመንቱ ስጡ። የሚቀጥለው ባች ኮርሱን ሲጀምር የሀ-ን ስህተት ከናንተ ይማራል፤ የሚቀጥለው መምህርም ምርጫዎቹን ከባዶ አይጽፍም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ማይኩን መጀመሪያ ለተማሪዎቹ ስጡልኝ።